አባቴ የመሰከረበት ቤት

«የበሩ ቀለም ምንድን ነው? እሱን ብቻ ንገረኝ።»

«የበሩ ቀለም ምን ይሠራልሻል?»

«ጌታ ሰጠን ብለህ የመሰከርክበት ቤት በሩ ምን ዓይነት ነው? አሁን ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሴቶቹ ከበው ሳሙኝ። አንዷ ‹መኝታ ቤቱ ስንት ነው?› አለችኝ፤ አሜን አልኳት። ሌላዋ ‹ከባሕሩ ምን ያህል ይርቃል?› አለችኝ፤ አሜን አልኳት። እብድ ነው የመሰልኳቸው!»

አባቴ መኪናውን ከሕንፃችን ፊት ለፊት ፓርክ ካደረገ ቆይቷል፤ ሞተሩን ግን አላጠፋም። እናቴ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ጭኗ ላይ አጣጥፋዋለች፤ ቀበቶዋን አልፈታችም። እኔና ታናሽ እህቴ ከኋላ ተቀምጠናል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ የአገራችን ምግብ ቤቶች የተደረደሩበት ሰፈራችን ፌርፋክስ በሰው ሞልቷል። ከምግብ ቤቶቹ የሚወጡ የሚያውቁን ሰዎች በመስኮቱ በኩል እጃቸውን ያነሡልናል። ወላጆቼም ፈገግ ብለው እጃቸውን ያነሡና ወዲያው ወደ ጠባቸው ይመለሳሉ።

«ነጭ ነው» አለ አባቴ በመጨረሻ፣ ፊት ለፊቱን እያየ።

«ነጭ።»

«ነጭ መሰለኝ።»

«መሰለኝ? ጉባኤውን እልል አስብለህ ስታበቃ መሰለኝ?»

እህቴ ጆሮዋ ላይ የሰካችውን ማዳመጫ ነቅላ በእንግሊዝኛ «ልንወርድ ነው ወይስ እዚሁ ልንኖር ነው?» አለች።

የምንኖርበት ሕንፃ ተሽጦ ነበር። ገዢው አፍርሶ ሊሠራው ስለፈለገ በጋው ሳያልቅ ሁላችንም እንድንለቅ ተነግሮናል። ከአዲስ አበባ ስንመጣ እኔ ገና ፊደል ያልቆጠርኩ ልጅ ነበርኩ፤ እህቴ እዚሁ ተወለደች። በዚህ አገር ከዚያ ሕንፃ ሌላ ቤት አናውቅም። እዚያው አካባቢ የሚገኘው ሁሉ ከአቅማችን በላይ ስለሆነ እናቴ ፓልምስን መረጠች። ፓልምስ ከእኛ ወደ ምዕራብ ፈንጠር ያለ፣ የኪራይ ሕንፃዎች የተደረደሩበት ሰፈር ነው። ከዚያ የምትሳፈርበት አንድ አውቶቡስ ፌርፋክስ ያደርሳታል፤ ባቡሩም በዚያ ሰሞን እስከ ባሕሩ ድረስ ተዘርግቶ ነበር። አባቴ የመረጠው ደግሞ ከሎንግ ቢች ጎን ያለ፣ ከከተማው ወጣ ያለ የቤተሰብ ሰፈር ነው፤ ጓሮ ያለው ቤት፣ ስሙ የተመሰገነ ትምህርት ቤት፣ የባሕር ነፋስ። እሱ ሎንግ ቢች በሚገኝ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኞችን በአልጋና በተሽከርካሪ ወንበር ከክፍል ወደ ክፍል ያደርሳል። ለዓመታት በየቀኑ በዚያ መከረኛ አውራ ጎዳና ተመላልሷል።

ይህን ሁሉ ለወራት ሲነጋገሩበት ነበር። በዚያ እሑድ ግን አባቴ ከእናቴ ጋር የጀመረው ንግግር ሳያልቅ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከወንበሩ ተነሣና በመቀመጫዎቹ መሀል አልፎ ማይክራፎኑን ያዘ።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ምስክርነት ቀላል ነገር አይደለም። የመኖሪያ ወረቀቱ የተሳካለት ይመሰክራል፤ ከበሽታ የዳነ ይመሰክራል፤ የነርስነት ፈተና ያለፈችም ትመሰክራለች። ጉባኤው እልል ይላል፣ ያጨበጭባል፣ ከዚያ በኋላ ነገሩ የግለሰቡ መሆኑ ይቀርና የሁሉም ይሆናል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ነገሩ መጀመሪያ ሆኖ ከዚያ መመስከር ነው። ግን ደግሞ አንዳንድ ሰው ልቡ ሲሞላ ገና ያልሆነውን «በእምነት ተቀብያለሁ» ብሎ ይመሰክራል። እንዲህ ያለውን ምስክርነት መልሶ መዋጥ አይቻልም። አሜን ተብሎበታላ።

«ቅዱሳን ጌታ ይባረክ!» አለ አባቴ። ድምፁ ቤት ውስጥ ከማውቀው ይልቅ ወፍሮ ነበር። «እንደምታውቁት ልቀቁ ከተባልን ወዲህ ስንጨነቅ ነበር። ጌታ ግን አልተወንም። ከባሕሩ አጠገብ ሰፊ ቤት ሰጥቶናል። ልጆቼ በሰላም የሚያድጉበት፣ ቅዱሳንም መጥታችሁ የምትጸልዩበት ቤት ነው። ክብር ለስሙ ይሁን!»

ኪራይ የሚለውን ቃል አላነሣም። አከራዩ ከሳምንት በኋላ እስከሚመጣው ሐሙስ መልስ እንደሚጠብቅም አልተናገረም። የመጨረሻውን ረድፍ ዞሬ አየሁት። እናቴ ሁልጊዜ ከዚያ ረድፍ እልልታውን ትጀምራለች፤ ድምፅዋ የታወቀ ነው። በዚያ ቀን ሌሎቹ ጀመሩት። እሷ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች፤ የሚያያት ሰው በደስታ ያለቀሰች ሊመስለው ይችላል።

መኪናው ውስጥ ሆነን አባቴ በመጨረሻ ሞተሩን አጠፋ።

«ስለ መንገዱ ከሆነ የምትጨነቂው» አለ በመስታወቱ ውስጥ እኔን እያየ፣ «እሷ አለች አይደል? ታደርስሻለች፤ ትመልስሻለች። ኦኬ? አለቀ።»

እናቴ ቀበቶዋን ፈታች። ወደ እኔ አልዞረችም። ወርዳ ነጠላዋን በክንዷ አንጠልጥላ ወደ በሩ ሄደች።

እናቴ መኪና አትነዳም። አንድ ጊዜ ላስተምራት ሞክሬ ነበር። ከቤተ ክርስቲያናችን ጀርባ ባለው ሜዳ ጎበዝ ነበረች፤ በውስጥ ለውስጥ መንገዶችም እየሳቀች ነዳች። ከዚያ ወደ ፍሪዌይ፣ ወደ ትልቁ አውራ ጎዳና፣ የሚያስገባው ቁልቁለት ላይ ስንደርስ መኪናዎቹን አየች። ያ ሁሉ ብረት እንደ ጎርፍ ሲወርድ አየችና መሀል መንገድ ላይ ቆመች። እጇን ከመሪው አንሥታ ጮክ ብላ መጸለይ ጀመረች። ከኋላችን ጥሩምባው አገሩን አናወጠው። እኔ በእሷ በኩል ዞሬ መሪውን ያዝኩ። ቤት ስንደርስ ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀምጣ «ጌታ እግር ሰጥቶኛል» አለችኝ። ከዚያ በኋላ መሪ አልነካችም።

በእግሯ የማትደርስበት ቦታ አልነበረም ማለት ይቻላል። ወጥ የምትሠራበት ምግብ ቤት የሚያስኬደው አጭር መንገድ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ተከራይቶ የሚሰበሰብበት ሕንፃ፣ የእህቴ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒኩ፣ በርበሬና ሽሮ የምትገዛበት ሱቅ፣ ሁሉም እግሯ ሥር ነው። ስትናደድ ወጥታ ትዞራለች። ስትደሰትም ወጥታ ትዞራለች። «መጣሁ» ትላለች እንጂ «ልሂድ ወይ?» ብላ አታውቅም። በዚያ ሰፈር ማንንም ሳታስፈቅድ የምትወጣና የምትገባ ሴት ነበረች። አባቴ ስለ ጓሮና ስለ ትምህርት ቤት ሲናገር እሷ የምትሰማው ይህ ከእጇ ሲወጣ ነው። ለእኔ ግልጽ ነበር። ለአባቴ ግን አልነበረም፤ ወይም ነበረና መስማት አልፈለገም።

እኔም ሌላ ፍርሃት ነበረኝ። ማንም ሳያስተምረኝ ግጥም የምጽፍ ልጅ ነበርኩ። የአማርኛ ፊደል እንኳ የለየሁት ከመዝሙር መጽሐፍ ላይ ነው። ሥራዬ ስልክ መሸጥ ነበር፤ ምኞቴ ግን ከወላጆቼ ቤት ወጥቼ የራሴን ክፍል መከራየት። ለማንም አልተናገርኩም። አባቴ በመስታወቱ ውስጥ አይቶኝ «ታደርስሻለች» ሲል፣ የእናቴ እግር ሆኜ በዚያ አውራ ጎዳና ስመላለስ፣ እሷ በር ላይ ቦርሳዋን ይዛ ስትጠብቀኝ፣ እኔም ሳረፍድባትና ስታኮርፈኝ ታየኝ። እናቴን መጥላት የምጀምርበትን ቀን ያየሁ መሰለኝ።

ሳምንቱ ክፉ ነበር። አባቴና እናቴ በእህቴ በኩል ነበር የሚነጋገሩት። «ለአባትሽ ምሳው ፍሪጅ ውስጥ ነው በይው» ትላለች፤ አባቴ እዚያው ቆሞ። ውጭ ግን ሁሉም ሰው ደስ ብሎታል። በርበሬ የሚሸጠው ሰውዬ «አይ እንግዲህ ባለ ባሕር ሆነሻል፣ ዓሣ ትልኪልኛለሽ» ብሎ ቀለደባት። የምግብ ቤቷ ባለቤት፣ ጠንካራ ሴትዮ ናት፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ሶ ልትለቂኝ ነው ማለት ነው? ሰው መፈለግ አለብኝ?» አለቻት።

«አይ፣ እትዬ፣ እመጣለሁ» አለች እናቴ።

«በምን?»

እናቴ ሽንኩርቱን መክተፍ ቀጠለች። እኔ ያን ቀን ምሳ ልበላ ገብቼ ነበርና ሰማሁ። በሽንኩርት ማልቀስ የለመደች ሴት ናት፤ ስለዚህ እንባዋን ማንም ልብ አላለውም።

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ «ሁላችሁም ተነሡ፣ ቤቱን ታዩታላችሁ» አለ። እናቴ ያለ ክርክር ለበሰች። ይህ ይበልጥ አስፈራኝ። ፊት ወንበር ላይ ሳይሆን ከኋላ፣ ከእህቴ ጋር ተቀመጠች። እኔ ከአባቴ ጎን ሆንኩ። መንገዱን ሙሉ አባቴ እንደ አስጎብኚ ያወራ ነበር፤ በዚህ በኩል ወደቡ፣ በዚህ በኩል የኔ ሆስፒታል፣ አሁን ነፋሱን አሽትቱ። መስኮቶቹን አወረደ። እውነቱን ለመናገር ነፋሱ ደስ ይላል፤ ጨዋማና ቀዝቃዛ ነው። እህቴ አንገቷን አውጥታ ጮኸች።

ሰፈሩ ያማረ ነበር። ሣሩ ሁሉ በአንድ ቀን የታጨደ ይመስላል። ቤቶቹ ጋራዣቸውን ወደፊት አውጥተው ፊታቸውን ወደኋላ ደብቀዋል። የሰፈሩ የጋራ መዋኛ በአጥር ታጥሮ ውኃው ሰማያዊ ነው፤ እህቴ ገና ስታየው «እዚህ ነው የምኖረው» ብላ ወሰነች። በየበሩ የቅርጫት ኳስ ማስገቢያ ተተክሏል። መንገዱ ላይ ግን ሰው የለም። ቅዳሜ ጠዋት፣ ፀሐይ ወጥታ፣ አንድም በእግሩ የሚሄድ ሰው የለም።

እናቴ ከቤቱ ፊት ቆማ በሩን አየችው።

«አረንጓዴ ነው» አለች።

አባቴም አየው። አረንጓዴ ነበር፤ ድፍን ያለ፣ የጎመን ዓይነት አረንጓዴ።

«ከሥራ ስወጣ ነው ያየሁት፣ ጨልሞ ነበር» አለ።

«በጨለማ አይተህ ነዋ በብርሃን የመሰከርከው!»

እህቴ ሳቀች። አባቴ ፊቱ ጠቆረ፤ ቁልፉን አከራዩ በነገረው ሳጥን ውስጥ እየፈለገ ጀርባውን ሰጠን። እናቴ ወደ ውስጥ አልገባችም። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ «እናንተ እዩ። እኔ ሱቅ ደርሼ ልምጣ» አለች።

«የምን ሱቅ?»

«ዳቦ የሚሸጥ ሱቅ። ሰው እዚህ አይበላም?»

መሄድ ጀመረች። እኔ ተከተልኳት። አንዱን መንገድ ጨርሰን ሌላው ላይ ስንታጠፍ መጀመሪያ ያየነውን የሚመስል ሌላ መንገድ መጣ። ከዚያ የእግረኛው መሄጃ ድንገት አለቀና በረጅም ግንብ ጥግ፣ በመኪናው መንገድ ዳር፣ አንዳችን ከአንዳችን ኋላ ሆነን ሄድን። እናቴ የምትሄድበት ሁኔታ መንገዱን የምትፈትን ሰው አካሄድ ነበር። በየመገናኛው ትቆምና ወዲህና ወዲያ ታያለች።

አንዲት ነጭ ሴት መኪናዋን አዝግማ መስኮቷን አወረደች። መኪና ተበላሽቶባችሁ ነው ወይ አለችን፣ ከልቧ ተጨንቃ።

«ኖ፣ ኖ» አለች እናቴ። «ዎኪንግ።»

ሴትዮዋ ወዴት እንደሆነ ጠየቀች። ወደ ሱቅ አልኳት። ሱቁማ ከትልቁ መንገድ ማዶ ነው፣ በእግር አይሞከርም፣ ግቡ ላድርሳችሁ አለች። እናቴ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አመሰገነቻት፤ አልገባችም። መኪናው ከሄደ በኋላ ባለችበት ቆማ ቀረች።

«ደግ ሴት ናት» አለችኝ።

«አዎ።»

«እዚህ ደግ ሰው እስኪመጣ መጠበቅ ነዋ። ዳቦ ሲያልቅብኝ ደግ ሰው። ቤተ ክርስቲያን ስፈልግ ደግ ሰው። አባትሽ ደግ ነው፤ አንቺም ደግ ነሽ።» ወደመጣንበት ዞረች። «እኔ ግን ደግ ሰው እየጠበቅሁ አላረጅም።»

ሱቁ ሳንደርስ ተመለስን። አባቴ አረንጓዴው በር ላይ ቆሞ እየጠበቀን ነበር። ዳቦው የት አለ ብሎ አልጠየቀም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጋሼ መጡ። ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው፤ በአዲስ አበባ የትምህርት ቤት ዲሬክተር ነበሩ ይባላል፤ ዛሬም ሲናገሩ ተማሪ ፊት የቆሙ ይመስላሉ። አባቴ ነው የጠራቸው። ለአከራዩ መልስ የሚሰጥበት ቀን በማግሥቱ ስለነበር የቀረው ተስፋ እሳቸው ነበሩ። ገና ሳይቀመጡ «ልጄ ታች መኪና ውስጥ ነው፣ ፓርኪንግ የለም፣ ቶሎ በሉ ብሎኛል» አሉ። ቢሆንም ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተመቻቹ።

እናቴ ከሥራ መመለሷ ነበር። ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። እኔ ከኩሽናው በር ተደገፍኩ፤ እህቴ ጠረጴዛው ላይ የቤት ሥራዋን እየሠራች ነው፣ ማለትም እየሰማች ነው።

«እንግዲህ ልጆቼ» አሉ ጋሼ፣ «ጌታ የሰጠውን ነገር በጭቅጭቅ አንቀበልም።»

«ጋሼ፣ እኔ ጉባኤ ፊት ቆሜአለሁ» አለ አባቴ። «አሁን ምን ልበል? ጌታ ሰጥቶኝ ሚስቴ ከለከለችኝ ልበል?»

«እሱን በል» አለች እናቴ። «እውነቱ እሱ አይደል?»

ጋሼ እጃቸውን አነሡ። «ተይ ልጄ፣ ተይ። እምነት ማለት እኮ ያላዩትን ተስፋ ማድረግ ነው።»

«አይቼዋለሁ ጋሼ። ቅዳሜ አይቼዋለሁ። ችግሩ ማየቴ ነው።»

ጋሼ ሊስቁ ብለው ተዉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ይቺ ልጃችሁ መኪና ትነዳ የለ? እናቷን ብታደርስ ምን አለበት? በረከት ነው።»

ሁሉም አዩኝ። እሺ ብል ታሰርኩ፤ እምቢ ብል ልጅነቴን ካድኩ። እናቴ ከእኔ ቀድማ መለሰች።

«እሷ የራሷ መንገድ አላት ጋሼ። እሷን አያስገቧት።»

ከየት እንዳወቀች አላውቅም። ነግሬያት አላውቅም።

አባቴ ድንገት ተነሣ፤ ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። «እኔስ? የእኔን ማን ያያል?» አለ። ድምፁ የእሑዱ ድምፅ አልነበረም። «ባለፈው ክረምት ከሥራ ስመለስ ተኛሁ። እየነዳሁ! ስነቃ ግንቡ እዚህ ጋ ነው፤ እዚህ!» መዳፉን ከፊቱ ፊት አቆመ። «መኪናውን እንዴት እንደመለስኩት አላውቅም። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እፈራለሁ። ሆስፒታሉ አጠገብ ልኑር ማለት ኃጢአት ነው?»

እህቴ እርሳሷን አስቀመጠች። እናቴ ቀስ ብላ ቀና አለች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«ለእኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«እንዳትደነግጪ ብዬ ነው።»

«ለጉባኤው ሁሉ ቤት ነገርክ። ለእኔ እንቅልፍህን አልነገርከኝም።»

«ልነግርሽ ነበር…»

«ብትነግረኝ አብረን እናስብ ነበር። ፓልምስ ባቡር አለ። መሀል ከተማ ወርደህ ቀይረህ ሎንግ ቢች ያደርስሃል። ረጅም ነው፤ አውቃለሁ። ግን ባቡር ውስጥ ተኛ! የሚነዳው ሌላ ሰው ነው። ተኛ እንደልብህ!»

አባቴ ወደሚያውቀው ነገር ተመለሰ። «መስክሬአለሁ እኮ» አለ ዝግ ብሎ። «ሰው ምን ይለኛል?»

እናቴ ከእሱ ዞር ብላ ሽማግሌውን አየቻቸው። አነጋገሯ ትሕትና ነበረው፤ ግን አልተለሳለሰችም።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እርስዎ የሚኖሩት ከልጅዎ ጋር ነው፣ ሩቅ፣ ከተራራው ማዶ። ትልቅ ቤት ነው ይላሉ።»

«ተመስገን፣ ትልቅ ነው። አበባ እንኳን አለው።»

«ልጅዎ ሥራ የበዛበት ቀን ቤተ ክርስቲያን እንዴት ይመጣሉ?»

ጋሼ ባርኔጣቸውን በጣታቸው ዙሪያ አዞሩ። ሊያስታርቁ የመጡ ሰው ስለነበሩ የሚጠበቅባቸውን መልስ ሁላችንም እናውቀዋለን። ጌታ ያዘጋጃል ማለት ነበረባቸው።

«አልመጣም» አሉ።

ባርኔጣውን ጉልበታቸው ላይ መልሰው አስቀመጡ። «ለብሼ፣ ጫማዬን አድርጌ መስኮቱ አጠገብ እቀመጣለሁ። ልጄ ጥሩ ልጅ ነው፣ ምንም አልለውም። አንዳንድ ቀን ይደውልና አባባ ዛሬ አልችልም ይለኛል። ያን ጊዜ ጫማዬን አወልቃለሁ።»

ከታች የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ጋሼ እንደ ልጅ ደንግጠው ብድግ አሉ። «እሱ ነው። እንጸልይና ልሂድ።» ጸሎታቸው አጭር ነበር። ስለ ሰላም ጸለዩ፣ ስለ አባቴ እንቅልፍ ጸለዩ፤ ቤቱን አላነሡትም። አባቴ ደረጃውን ይዟቸው ሊወርድ ሲል እጁን ይዘው «ስማት» የሚሉ በሚመስል ሁኔታ ጨበጥ አደረጉት። ብቻቸውን ወረዱ።

አባቴ ከበሩ ላይ ሳይመለስ እናቴ መኝታ ቤት ገብታ ወጣች። ነጠላዋን ለብሳለች። የሥራ ጫማዋን አውልቃ የእሑዱን አድርጋለች።

«ወዴት ነው?» አላት።

«ረቡዕ አይደል? የጸሎት ፕሮግራም አለ።»

«ቆይ፣ ላድርስሽ።» ቁልፉን ከበሩ አጠገብ ካለው መስቀያ አነሣ።

«ቅርብ ነው። በእግሬ እደርሳለሁ።»

አባቴ በሩ ላይ እንደቆመ ነበር፤ አልተንቀሳቀሰም። ቁልፉ ጣቱ ላይ ተንጠልጥሏል። «ምን ልትያቸው ነው?»

«ምስክርነት አለኝ።»

እናቴ በሕይወቷ መስክራ አታውቅም። ማይክራፎን ሲቀርባት አንገቷን የምትደፋ ሴት ናት። በሰው ደስታ እልል ማለት እንጂ ተነሥቶ መናገር የሷ ድርሻ አልነበረም። እህቴ እንኳን ይህን ታውቃለች፤ አፏን ከፍታ ታያታለች።

«ስለ ምን?» አለ አባቴ፣ እያወቀ።

«ጌታ ባሌን ግንብ ከመግጨት አውጥቶልኛል፣ እኔ ግን አላወቅሁም ነበር እላለሁ። በዚህ እልል ይበሉ። ከዚያ ደግሞ ባሕሩ አጠገብ ያለውን ቤት እኔ አልወሰድኩትም፣ ገና ቤት አላገኘንም፣ ፓልምስ ላይ የምንፈልገውን ጌታ እንዲሰጠን ጸልዩልን እላለሁ። ለዚህኛውም እልል ይሉ እንደሆነ አያለሁ።»

«ታዋርጂኛለሽ።»

«አብረኸኝ ና» አለችው። «አጠገቤ ቁም።»

አባቴ አየኝ፤ እኔ ዓይኔን አልሰበርኩም። እህቴን አየ። ከዚያ ቁልፉን አየ፣ እጁ ላይ እንዳለ የረሳው ይመስል። ከበሩ ትንሽ፣ ሰው የምታሳልፍ ያህል ብቻ፣ ዞር አለ።

«ማሚ፣ እኔም ልምጣ?» አለች እህቴ።

«አንቺ ሒሳብሽን ጨርሺ።»

እናቴ በአባቴ አጠገብ አለፈች። ጥቂት ቆማ የጠበቀችው መሰለኝ፤ ምናልባት ነጠላዋን እያስተካከለች ይሆናል። ከዚያ ጫፉ እንዳይያዝባት ወደ ራሷ ሰበሰበችውና በሩን ከውጭ ስባ ዘጋችው።